ሰባት ወር ደጅ ከጠናሁ በኋላ ያገኘሁት የስድስት ሳምንት ሥራ

በ2023 ኦክቶበር መጨረሻ፣ አንድ አርብ ከሰዓት፣ ፕሮጀክታችሁ ለጊዜው ቆሟል ተባልን። ሰኞ ላፕቶፑን በፖስታ መለስኩ። 11 ዓመት የኤስኤፒ ኮንሰልታንት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ኤስኤፒ የሚባለው ኩባንያ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጠውን የሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው የማስተካክለው፤ የግዢና የመጋዘን ክፍሉን፣ እኛ ኤምኤም የምንለውን። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ድሮ እንደዚያ ነበር። ይኼኛው ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ግራ የሚያጋባው ሥራው መኖሩ ነው። ኤስኤፒ ለአሮጌው ሲስተም ለኢሲሲ የመጨረሻ እትሞች የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በ2027 መጨረሻ ያበቃል። ተጨማሪ የሚከፍል እስከ 2030 ማራዘም ይችላል። ወደ አዲሱ ሲስተም፣ ወደ ኤስ/4ሃና፣ መሻገር ለብዙዎቹ የማይቀር ነው። ግን በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በ2023 ጁላይ ከ5 ከመቶ አልፎ ነበር። ብድር ሲወደድ የፋይናንስ ኃላፊዎች እንደኛ ያለውን ትልቅ ወጪ ያዘገያሉ። ስብሰባው አለ፣ ዕቅዱም አለ፣ የሚፈርም ግን የለም።

መጀመሪያ ላይ ያየሁት ማስታወቂያ ሁሉ ላይ ሲቪ ላክሁ። ትልቁን ስህተት የሠራሁት ጃንዋሪ ላይ ነው። አንድ ሪክሩተር፣ ለድርጅቶች ሠራተኛ የሚያፈላልግ ሰው፣ ስለ ቨርጂኒያ ሥራ ደወለልኝ፤ "እሺ፣ አስገባልኝ" አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ደወለች። የደንበኛውን ስም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለእሷም እሺ አልኩ። ለካ ሥራው አንድ ነው! ስሜ ከሁለት ድርጅት ሲደርሰው ደንበኛው ጭቅጭቅ ውስጥ ላለመግባት ሁለቱንም ጣላቸው። በጣም ነው የቆጨኝ፤ ሥራው ልክ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀኑን፣ የደዋዩን ድርጅት፣ የደንበኛውን ስምና የተስማማሁበትን ክፍያ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። የደንበኛው ስም በጽሑፍ ካልመጣልኝ ሲቪዬን ለማንም አልሰጥም።

ፌብሩዋሪ ላይ ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው፣ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው፣ ቡና ላይ ሲቪዬን አነበበው።

"ስማ፣ ይኼ ሁሉ ትልቅ ፕሮጀክት መርቻለሁ ነው የሚለው" አለኝ። "አሁን ትልቅ ፕሮጀክት የሚጀምር ማን አለ? በትንሽ ገንዘብ የሚያልቅ ነገር ይዘህ ሂድ።"

እውነቱን ነበር። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኤስ/4ሃና ውስጥ አቅራቢና ደንበኛ "ቢዝነስ ፓርትነር" በሚባል አንድ መዝገብ ነው የሚያዙት። ስለዚህ ማንም ከመሻገሩ በፊት የአቅራቢ ዝርዝሩን ማጽዳት አለበት። አንድ ቦታ ያው አቅራቢ ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ አይቻለሁ፤ አንዴ በሙሉ ስሙ፣ አንዴ በምህጻረ ቃል፣ አንዴ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ተጨምሮ። አንድ ደረሰኝ ከስሞቹ በሁለቱ ሁለቴ ተከፍሎ ነበር። ይህን እንዴት አግኝቼ እንዳስተካከልኩ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ድሮ አብሬያቸው ለሠራኋቸው የግዢ ኃላፊዎች ላክሁ። ለሰው ኃይል ክፍል አልላክሁም። ከዘጠኙ አራቱ መለሱልኝ። በሜይ አንዷ የስድስት ሳምንት ሥራ ሰጠችኝ።

ክፍያው ከድሮዬ ያነሰ ነበር። ከመስማማቴ በፊት ግን በደንብ አሰላሁ። በራስህ ድርጅት ስም ስትሠራ የሰዓቱ ዋጋ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የአሠሪውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ጤና መድን ግብር) ድርሻ፣ 7.65 ከመቶውን፣ አንተው ትሸፍናለህ። የጤና መድኑም አንተው ላይ ነው። ሁለት ልጆች ስላሉኝ በቅጥር መሥራቱ ተሻለኝ።

በኔ ዙሪያ እንደማየው ለጀማሪዎች ይከብዳል፤ ይህ ያሳስበኛል። ሲስተሙን የማስተካከሉ ሥራ ብዙው ወደ ህንድ ሄዷል። እዚህ የሚቀረው መጋዘን ወርዶ ከዕቃ ተረካቢው ጋር ቆሞ መጠየቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ልምድ ላለው ብቻ ነው የሚሰጡት። የሰፈራችንን ልጆች ሳሠለጥን አሁን ከሰርተፊኬቱ በፊት የተዝረከረከ የአቅራቢ ዝርዝር ሰጥቼ አጽዱ እላቸዋለሁ።

የስድስት ሳምንቱ ሥራ እስካሁን አልተቋረጠም፤ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። የአሁኑ ሴፕቴምበር 30 ያበቃል። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ኃላፊዋን እጠይቃታለሁ። እስከዚያ የሁለት መጋዘን የዕቃ ኮድ ይቀረኛል።