ለሚያስነጥሰው ሰው የሚሆን ድመት

ድመት አጠገቤ ከተቀመጠች ዓይኔን ይበላኛል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ማስነጠሱም አንዴ ከጀመረኝ በቀላሉ አይለቀኝም። ይህን እያወቀች፣ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ድመት ካላሳደግን ብላ ከያዘችኝ ቆይታለች። ጉዳዩን የሰሙ ዘመዶቼ የሰጡኝ ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ለአለርጂ የሚስማማ ዝርያ አለ፤ እሱን ፈልጊ» የሚል። ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅማ የዘር ሐረጓ በወረቀት የተጻፈላት የሳይቤሪያ ድመት ልላክልሽ ብሎኛል። ስጦታውን ከመቀበሌም እምቢ ከማለቴም በፊት ነገሩን በጥሞና ማየት እንዳለብኝ ስለተሰማኝ፣ ያነበብኩትን፣ ከሐኪም የሰማሁትንና ራሴ ያሰብኩትን እዚህ አሰፍራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ጥፋቱ የፀጉሩ አለመሆኑ ነው። የድመት አለርጂ ካለባቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ሰውነት የሚቆጣው ፌል ዲ 1 በተባለ ፕሮቲን ላይ ሲሆን፣ ይህን ፕሮቲን በዋናነት የሚያመነጩት የድመቷ የምራቅ ዕጢዎችና በቆዳዋ ውስጥ ያሉ የቅባት ዕጢዎች ናቸው። ድመት ገላዋን ስትልስ የምትውል እንስሳ በመሆኗ ምራቋ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፤ የደረቀውም ከቆዳዋ ከሚረግፈው ፎረፎር ጋር ተፈርፍሮ ወደ አየር ይወጣል። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለሰዓታት ሳያርፍ ሊንሳፈፍ፣ በሰው ልብስም ተጣብቆ ድመት ረግጣው ወደማታውቅ ቢሮና ትምህርት ቤት ሊገባ ይችላል። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላ እንኳ የተወችው ብናኝ ከምንጣፉና ከፍራሹ እስኪጠፋ ወራት ይፈጃል። ድመት በሌለበት ባጃጅ ውስጥ ለምን እንደሚያስነጥሰኝ የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ምንም እንኳ የድሬዳዋ አቧራም ከተጠያቂነት ነፃ ባይሆን።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ «አለርጂ አያስነሱም» ተብለው የሚዘረዘሩትን ዝርያዎች በጥርጣሬ ማየት ግድ ይላል። ኮርኒሽ ሬክስና ዴቨን ሬክስ የተባሉት ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ የተገኙ፣ ፀጉራቸው አጭርና ጥምዝምዝ የሆነ ድመቶች ናቸው፤ የኮርኒሽ ሬክስ አባት የሚባለው ድመት የተወለደው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ፀጉራቸው ስስ ስለሆነ የሚረግፈው ጥቂት ቢሆንም፣ ምራቃቸውና ቆዳቸው እንደማንኛውም ድመት ፕሮቲኑን ያመነጫል። ስፊንክስ የሚባለው፣ ለዓይን ፀጉር አልባ የሚመስለው ዝርያ ደግሞ መነሻው በ1966 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፀጉር ሳይኖረው የተወለደ ግልገል ነው። ፀጉር ስለሌለው መፍትሔ ነው ብለው የሚገዙት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የቆዳውን ቅባት የሚመጥለት ፀጉር ስለሌለ ቅባቱ እላዩ ላይ ይከማችና በየጊዜው ካልታጠበ አንሶላና ወንበር ያቆሽሻል፤ ፌል ዲ 1 የሚገኘውም በዚያው ቅባትና በምራቁ ውስጥ ነው። ከዚህም በላይ ራቁት ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል። የከተማችን የቀትር ፀሐይ ልብስ የለበሰውን ሰው እንኳ ጥላ ለጥላ እያስኬደ፣ ራቁቱን የተፈጠረ እንስሳ እዚህ ማምጣት ጭካኔ መስሎ ታይቶኛል።

የተሻለ ስም ያላቸው የሳይቤሪያና የባሊኒዝ ድመቶች ናቸው። ሁለቱም ባለ ረጅም ፀጉር መሆናቸው ብቻውን የፀጉሩ ብዛት ዋና ጉዳይ አለመሆኑን ያስረዳል። ከሳይቤሪያ ድመቶች መካከል አነስተኛ ፌል ዲ 1 የሚያመነጩ መኖራቸው ተስተውሏል፤ ሆኖም በዚያው ዝርያ ውስጥ ብዙ የሚያመነጩም አሉ። ከፕሮቲኑ ፈጽሞ ነፃ የሆነ ዝርያ የለም፤ በዝርያና በዝርያ መካከል አለ ከሚባለው ልዩነት ይልቅም በአንዷ ድመትና በሌላዋ መካከል ያለው ይሰፋል። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ ሊልክልኝ ያሰበው ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ድመቷ አያትና ቅድመ አያት እንጂ ስለ ምራቋ አይደለም። በዚያ ላይ የሳይቤሪያ ድመት የሩሲያን ክረምት ለመቋቋም የሚሆን ሦስት ድርብ ፀጉር ለብሳ የተፈጠረች ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪን በሚያልፍበት ከተማ እሷን ማሳደግ ማለት ቀኑን ሙሉ ቬንትሌተር ሥር ማስተኛት ማለት ነው። ለልጁ ደግነቱን አመስግኜ፣ ለአውሮፕላን የሚያወጣውን ገንዘብ ለራሱ ጉዞ እንዲያስቀምጠው ጽፌለታለሁ። እሱ መጥቶ ቢያየን ይሻላል።

ዝርዝሩን ሳነብ በአገሬ ስም የሚጠራውን የአቢሲኒያ ድመት መፈለጌ አልቀረም። እንግሊዞች ለመቅደላ ዘመቻ በመጡበት በ1868 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፣ ዙላ የተባለች ድመት ከዚህ ተወስዳ እንግሊዝ እንደገባች ይነገራል፤ ስሟም የጄኔራል ናፒየር ጦር የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። በ1871 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገው የድመት ትርኢትም ከአቢሲኒያ የመጣች የተባለች ድመት ቀርባ ነበር። የኋለኛው ዘመን የዘረመል ጥናት ግን የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ እስያ ወስዶታል። ለማንኛውም የአቢሲኒያ ድመት ለአለርጂ ከሚመከሩት ተርታ አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀስም፤ ስለዚህ የአገር ፍቅሬን ለሌላ ጉዳይ አቆይቼዋለሁ።

ዝርያ መምረጥ የማያዋጣ ከሆነ የሚመረጠው ፆታ ነው፤ ይህ በጥናት የተደገፈ ነገር ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከሴቷም ሆነ ከተኮላሸው ወንድ የበለጠ ፌል ዲ 1 ያመነጫል፤ የቆዳውን ዕጢዎች የሚያበረታው የወንድነቱ ሆርሞን ስለሆነ ሲኮላሽ መጠኑ ይቀንሳል። በሰፈራችን በከዚራ ሌሊቱን ቆርቆሮ ለቆርቆሮ እየተሯሯጡ ሲደባደቡ የሚያድሩት ወንዶቹ ናቸውና፣ እነሱን ከምርጫ ማውጣት ለእንቅልፌም ይበጃል። ሴት ድመት በአለርጂ በኩል ቀዶ ሕክምና አያሻትም፤ ግልገል እንዳታበዛ ማምከኑ ግን አይቀርም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም እንደዚሁ። እነዚህን የእንስሳት ሐኪም የሚጨርሳቸው ጉዳዮች ስለሆኑ አልቆይባቸውም።

ይልቅ ያሳሰበኝ የራሴ ሰውነት ጠባይ ነው። በልጅነቴ መጋላ በነበረው የአያቴ ቤት ድመት እግሬ ሥር ተኝታ አድጌያለሁ፤ ያኔ ያስነጠሰኝ ትዝ አይለኝም። ችግሩ የጀመረኝ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ፣ ድመት በሌለበት ዓመታት ቆይቼ ስመለስ ነበር። ይህ ለሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ከድመት ጋር ሳያቋርጥ ሲኖር ሰውነቱ ይለምዳል፣ ከድመቷ ሲርቅ ግን መልመዱን ያጣል፤ ተማሪዎች ለእረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ድሮ ምንም ያላደረገቻቸው ድመት ዓይናቸውን የምታስለቅሰውም በዚህ ምክንያት ነው። እናቴ ይህንን ስትሰማ «እንግዲያማ ትለምጂዋለሽ» ብላ ነገሩን ቋጨችው። እኔ ግን እንደ እሷ ቆራጥ መሆን አልቻልኩም፤ ሁሉም ሰው አይለምድም፣ የአንዳንዱም ከአፍንጫ አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል። ያማከርኩት ሐኪም አጥብቆ የነገረኝም ይህንኑ ነው። ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ሊታገስ ይችላል፤ ደረት ማፈንና ሲተነፍሱ ማፏጨት ከመጣ ግን ነገሩ አስም ነውና ስለ ድመት ምርጫ መነጋገር ያበቃል።

ሌላም የሚያጠራጥር ነገር አለ። የሚያስነጥሰኝ ሁልጊዜ ድመቷ ናት ወይ? ከተማችንን ከብቦ ያለው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ የአበባ ብናኙ አለርጂ በማስነሳት የታወቀ ነው። በረሮም፣ አይጥም እንዲሁ ናቸው፤ የአይጥ ሽንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን እንደ ድመቷ ሁሉ አፍንጫን ያስቆጣል። ድሬዳዋ ውስጥ ድመት የምትገባው በመጀመሪያ አይጥ እንድትይዝ መሆኑን ሳስብ፣ አንዱን አለርጂ ለማስወጣት ሌላውን እያስገባሁ እንደሆነ ገብቶኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ሐኪሙ በቆዳ ወይም በደም ምርመራ መለየት እንደሚቻል ነግሮኛል፤ ግምት ላይ ተቀምጦ ከመጨቃጨቅ ይህ እጅግ ይሻላል።

ጎረቤታችን ሐጂ ግቢያቸው ከድመት ተለይቶ አያውቅም። ድመት ነጃሳ አይደለችም ይላሉ፤ ከሥጋ ቤት የሚያመጡትን የግመል ሥጋ ቁርጥራጭ ራሳቸው ያከፋፍሉላቸዋል። የእነዚህ ድመቶች ዝርያ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ የለም፤ የሚታወቁት በቀለማቸውና በእናታቸው ነው፤ «የነጯ ልጅ»፣ «ያቺ ቡራቡሬ»። የእህቴ ልጅ ዓይኗን የጣለችባት የነጯ ልጅ ሴት ናት፣ ለስላሳም ናት። ስለዚህ ያደረግሁት ምርመራ ይህ ነው፦ ድመቷን በሐጂ ፈቃድ ወደ አንዲት ክፍል አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ አጠገቤ አስቀምጬ ከእሷ ጋር እቆያለሁ። ወዲያው የሚመጣውን ማስነጠስ ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ የአለርጂ ሁለተኛው ማዕበል ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ሌሊቱንም ማድመጥ ያስፈልጋል። ደግሞም የግቢው ድመቶች ሁሉ ብናኝ ቤቱ ውስጥ ስላለ ክፍሏ ሌላ ድመት የማይገባባት መሆን ነበረባት። የሐጂ ትልቁ ልጅ በመስኮት እያየኝ «አቦ፣ ልታገቢያት ነው እንዴ?» እያለ ቢያላግጥብኝም፣ ሽማግሌ ልኮ ድመት የሚመርጥ ሰው በወረቀት ከሚመርጥ ይሻላል ብዬዋለሁ። ውጤቱ መጥፎ አይደለም፤ ዓይኔን ይበላኛል፣ አስነጥሳለሁ፣ ደረቴ ግን ንጹሕ ነው፤ ከሌሎቹ የግቢው ድመቶች ጋር ሳስተያየውም ከእሷ ጋር ያለው ቀላሉ ነው።

የቀረው የቤቱ ጉዳይ ነው፤ ይህ ደግሞ ከድመቷ ምርጫ ይልቅ ያከራከረን ሆኖ ተገኝቷል። ሳሎናችን የአረቢያን መጅሊስ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ፍራሽና መደገፊያ፣ መሐሉ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት። ፌል ዲ 1 ከዚህ የበለጠ ማረፊያ አይፈልግም፤ ጨርቅ ላይ ይጣበቃል፣ ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ይበናል፣ በጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ደግሞ ለሁሉም ያዳርሰዋል። ፈረንጆቹ የሚመክሩት መስኮት ዘግቶ በማጣሪያ ማሽን አየር ማጥራት በዚህ ሙቀት የሚታሰብ አይደለም። በተቃራኒው ድሬዳዋ የምትሰጠን ነገር አለ፤ በርና መስኮቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ ሰውም ድመትም አብዛኛውን ጊዜ በረንዳና ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው። ስለዚህ ምንጣፉ ይነሳል፣ የመደገፊያዎቹ ልብስ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ድመቷ ወደ መኝታ ክፍሌ አትገባም። ድመቷን ማጠብ ብናኙን የሚቀንሰው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ውኃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ልፋቱ የሚያዋጣ አይደለም። ድመቷን በእርጥብ ጨርቅ ማበስና ማበጠር የእህቴ ልጅ ሥራ ነው፤ ከጨረሰችም በኋላ እጇን ሳትታጠብ አጠገቤ አትቀመጥም። በሌላ አገር ደግሞ በዶሮ እንቁላል ውስጥ በሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል የተለበጠ የድመት ምግብ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሸጣል፤ በምራቋ ያለውን ፕሮቲን ይዞ ያከሽፈዋል፣ የአምራቹ ጥናት እንደሚለውም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በፀጉሯ ላይ ያለውን በአማካይ በ47 በመቶ ይቀንሰዋል። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ የግመል ሥጋ የለመደች የከዚራ ድመት ትበላዋለች ወይ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

አንድ ያልፈታነው ነገር ብቻ አለ። ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡ በሙሉ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ መኝታ ክፍሌ እንዳትገባ ያልኳት ድመት ከሰማይ በታች ያለውን አልጋዬን የማን ክልል እንደሆነ አትጠይቅም። የእህቴ ልጅ አጎበሩ ይከለክላታል ትላለች። እኔ ደግሞ ድመት የአጎበር ጫፍ መግለጥ እንደማያቅታት ስለማውቅ፣ የነጯን ልጅ የምንወስዳት ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ይሁን ብያለሁ፤ ሐጂም እስከዚያ ድረስ ከእኔው ጋር ትቆይ ብለው ተስማምተዋል።