አልበላ ያለችው የዛፍ እንቁራሪቴ፦ እስካሁን የተማርኩት

ቄጤማ የምላት እንቁራሪቴ በላች! ዜናውን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እንቁራሪቷ ምግብ አልነካም ማለቷን ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ ተጨንቃችኋል። አሁን ያደረግኩትንም፣ ያየሁትንም፣ ከሰው የተማርኩትንም እጽፈዋለሁ። እንዲህ ዓይነት እንስሳ እጁ የገባ ሰው በአማርኛ የሚያነበው ነገር ማግኘት አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለማታውቋት፦ ቄጤማ አረንጓዴ፣ ወፈር ያለች፣ መዳፍ የምትሞላ የዛፍ እንቁራሪት ናት። የእኛ አገር ዘር አይደለችም። ዋይትስ ትሪ ፍሮግ ይሏታል፣ አገሯ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ነው። ጆን ዋይት የሚባል ሐኪም በ1790 እ.ኤ.አ. ስለ ዘሯ ከጻፈ ወዲህ በእሱ ስም ትጠራለች። በደንብ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፣ ስለዚህ የሚረከባት ሰው አስቦበት ይረከባት። እኔ ያገኘኋት እዚህ ባሕር ዳር ሲያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ነው። የገና በዓል እንዳለፈ ከነመስታወት ሳጥኗ፣ ከነካልሲየም ዱቄቷ ተረከብኳት። እሱ ጋ ሳለች በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ትበላ ነበር። እኛ ቤት ከገባች በኋላ ግን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ፌንጣ አፏ ሥር ቢሄድም ዝም።

እናቴ መጀመሪያ ቀን "በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ እንቁራሪት ቤት ታስገቢያለሽ?" ብላ ነበር። በሳምንቱ ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ይቺ ፍጥረት ማታ ቀመሰች ወይ?" ሆነ።

ብዙ ሰው ምግብ አልበላ ያለን እንስሳ ሲያይ ወዲያው ምግብ መቀያየር ይጀምራል። ይህን ስጧት፣ ያንን ስጧት ይባላል። አፏን ከፍቶ ማጉረስ ይሻላል ያለኝም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የእንቁራሪት መንጋጋ ስስ ነው፣ በጉልበት ሲከፈት ይጎዳል፣ ፍርሃቷም ይብሳል። ቦታ የቀየረች ጤነኛ ትልቅ እንቁራሪት አንድ ሁለት ሳምንት ብትጾም ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም። ትንንሾቹ ግን ያን ያህል አይችሉም፣ ለእነሱ ቶሎ ሐኪም መፈለግ ነው። ለትልቋ መጀመሪያ የሚታየው ቤቷ ነው። ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ጨለማውና ፀጥታው ከተስተካከለ ምግቡ ተከትሎ ይመጣል።

ከቦታው ልጀምር። ሳሎን ማስቀመጥ ያምራል፣ እንግዳም ያያታል፣ ግን የኢትዮጵያ ሳሎን ለእንቁራሪት አይሆንም። ቴሌቪዥን አለ፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። እንቁራሪት በቆዳዋም ጭምር ነው የምትተነፍሰው፣ አየር ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሰውነቷ ይገባል። ፍሊትማ ጭራሽ አይታሰብም። እሷ ባለችበት ክፍል ፍሊት መንፋት መርዝ እንደመስጠት ነው። ስለዚህ ሰው ወደማይበዛበት መኝታ ክፍል ወሰድኳት። የሳጥኑን ሦስት ጎን በካርቶን ሸፈንኩት፣ አንዱን ጎን ብቻ ክፍት ተውኩት። ውስጡ ከእንጅባራ የመጣ ወፍራም ቀርከሃ በደንብ አጥቤ አጋድሜ አስገባሁላት። በማግስቱ ቀርከሃው ውስጥ ገብታ ተኝታ አገኘኋት። የምትደበቅበት ያገኘች እንቁራሪት ደፋር ትሆናለች፣ የማምለጫ ቦታ እንዳላት ስለምታውቅ ማታ ወጣ ብላ ትዞራለች።

ወለሉ ላይ የነበረውን ጠጠር አወጣሁት። እንቁራሪት ምላሷን ስትወረውር የያዘችውን ሁሉ ትውጣለች፣ ጠጠር ከዋጠች ደግሞ አንጀቷ ሊዘጋ ይችላል። አሁን ሽታና ቀለም የሌለው ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት እርጥብ አድርጌ አነጥፋለሁ። አያምርም፣ እውነት ነው። ግን ካካ ማለቷንና አለማለቷን ወዲያው ታያላችሁ፣ አልበላ ላለች እንስሳ ይህ ትልቅ መረጃ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም በእኔ እምነት የቄጤማ ዋናው ችግር እዚህ ነበር። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ነው እንላለን፣ ቀን ቀንም እውነት ነው። ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቴርሞሜትር ሳጥኑ ውስጥ ሳስቀምጥ ንጋት ላይ 16 ዲግሪ አነበብኩ። ለዚህች ዘር ቀን ከ24 እስከ 29፣ ሌሊት ደግሞ 20 አካባቢ ነው የሚመከረው። እንቁራሪት እንደኛ የራሷን ሙቀት አትሠራም። አካባቢዋ ሲቀዘቅዝ እሷም ትቀዘቅዛለች፣ ሆዷም ሥራውን ይቀንሳል። በብርድ የዋጠችው ምግብ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ በርዷት አልበላም ስትል ሰውነቷ ራሱን እየጠበቀ ነው፣ እንዲያውም በዚያ ሰዓት በግድ ብትበላ ነው የምትጎዳው።

ማሞቂያ ምንጣፍ ከሳጥኑ ጋር መጥቶልኝ ነበር። ከውጭ በኩል፣ በአንዱ ጎን መስታወት ላይ አደረግኩት። ሳጥኑን በሙሉ ማሞቅ ጥሩ አይደለም፣ አንዱ ጥግ ሞቅ ሌላው ቀዝቀዝ ካለ እሷ ራሷ ትመርጣለች። ችግሩ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ምንጣፉ ሥራ የለውም። መፍትሔ ያደረግኩት በሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ከሳጥኑ ውጭ ማስጠጋት ነው፣ ከዚያ ሳጥኑንም ሃይላንዱንም አንድ ላይ በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ፣ ለአየር ትንሽ ክፍት ትቼ። የፈላ ውሃ አታድርጉ፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ውስጥ ግን በፍጹም አታስገቡት፣ ቆዳዋ ይቃጠላል። ይህን ካደረግኩ በኋላ የሌሊቱ ሙቀት ከ20 ብዙም አልወረደም።

ውሃ። የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን አለበት። ለእኛ ደህንነት ነው፣ ለእሷ ግን አይሆንም። እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም፣ በሆዷና በጭኖቿ ሥር ባለው ቆዳ ትመጠዋለች፣ ውሃው ውስጥ ያለውም አብሮ ይገባል። እኔ በሰፊ ባልዲ ቀድቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ አንድ ሙሉ ቀን አስቀምጣለሁ፣ ክሎሪኑ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን ተቀምጦ አይወጣም፣ እሱ ባለበት ከተማ ያላችሁ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የውሃ ማጣሪያ ጠብታ መጠቀም አለባችሁ። ውሃ አጋር የተጨመረበትንም አትስጧት። ሳጥኑን ስታጥቡ ሳሙና አይነካው፣ በሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃል። ማታ ማታ ፀጉር ቤቶች በሚጠቀሙበት መርጫ ትንሽ ውሃ እረጫለሁ። እርጥበቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሲሆን ደስ ይላታል። ጭቅይት ብሎ አየር የማይገባው ሳጥን ግን የቆዳ በሽታ ያመጣል።

"ጣና ደጃችሁ ላይ እያለ ለምን በባልዲ ትቸገሪያለሽ?" ያለኝ ሰው ነበር። ሐይቁ ዳር ልብስ ይታጠባል፣ መኪና ይታጠባል፣ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ መድኃኒትም አለ። ከዚያም በላይ በውሃ የሚተላለፉ የእንቁራሪት በሽታዎች አሉ። ኪትሪድ የሚባለው ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍል በርካታ የእንቁራሪት ዘሮችን ጨርሷል። ይህ ነገር በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሠራው። የጣና ውሃ ወደ ቄጤማ መምጣት የለበትም፣ የቄጤማ ውሃም ወደ ጣና መሄድ የለበትም። እኔ ያገለገለውን ውሃ በረኪና ጨምሬበት፣ ቆይቶ ነው የምደፋው፣ ያውም መጸዳጃ ቤት እንጂ ቦይ ውስጥ አይደለም። እባካችሁ ይህችን ነገር አቅልላችሁ አትዩዋት። ከውጭ የመጣ አንድ አረም፣ እምቦጭ፣ ሐይቃችንን ምን እንዳደረገው በዓይናችን አይተናል። ጎጃም የራሱ የዛፍ እንቁራሪት አለው፣ ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ይባላል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ደንገሉ ውስጥ ክረምት ሲገባ የሚጮሁት ትንንሾቹም አሉ። የሰለቸው ሰው እንዲህ ያለች እንግዳ እንቁራሪት ሐይቅ ዳር ቢለቅ ለእሷም ሞት ነው፣ ለእነሱም አደጋ ነው። ማቆየት ያቃተው ለሌላ ሰው ይስጣት እንጂ አይልቀቃት።

ይህን ሁሉ እያስተካከልኩ ሳለ ዓይኔ የነበረው ሚዛኑ ላይ ነው። ስትመጣ 48 ግራም ነበረች። ትንሽ ቆይቶ 46፣ ከዚያ 45 ሆነች። አየር ያለው ክዳን ባለው የምግብ ዕቃ ውስጥ አድርጌ፣ በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን፣ ሁልጊዜ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ነው የምመዝናት። በየቀኑ አይደለም፣ መያዝ ራሱ ያስጨንቃታል። ስትያዝ ሽንቷን ስለምትለቅ አንድ ሁለት ግራም ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። እጃችሁን ያለ ሳሙና ታጥባችሁ፣ እርጥብ እንደሆነ ያዟት፣ ወይም ዱቄት የሌለው ጓንት አድርጉ። ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ የለም። ከዓይኗ በላይና ከጆሮዋ በላይ ያለችውን የቆዳ እጥፋትም እዩ። ጭራሽ ከጠፋች ከስታለች ማለት ነው፣ ዓይኗ ላይ ከወደቀች ደግሞ ከመጠን በላይ ወፍራለች። የቄጤማ እጥፋት ቀነስ ብላ ነበር፣ ግን አልጠፋችም።

አንድ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለኝ። ሥራው ከብትና በግ ነው፣ ሆኖም ካካዋን በማይክሮስኮፕ አየልኝ። ጥቂት ጥገኛ ትል በጤነኛም ላይ ሊገኝ ይችላል፣ እሷ ላይ መድኃኒት የሚያስፈልገው ነገር አላገኘም። "ጭኗና ሆዷ ሥር ቀይ ከሆነ፣ ካበጠች፣ ዓይኗ ከደፈረሰ፣ ወይ ስትገለበጥ መመለስ ካቃታት ሌሊትም ቢሆን ደውይልኝ" አለኝ። እነዚህን ምልክቶች ጽፌ ሳጥኑ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

ምግቡን በተመለከተ፣ እዚህ የፌንጣ ሱቅ የለም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን የምንይዘው። ጫት ማሳ አጠገብ ካለ ሣር አንነካም፣ መድኃኒት ይረጭበታል። ለወባ የተረጨ ቤት ውስጥ የተገኘ በረሮም አይሆንም። መድኃኒት እንደማይረጭበት የምናውቀው አንድ ግቢ አለ፣ ከእዚያ እናመጣለን። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ጎመንና ካሮት አብልተን እናቆያቸዋለን፣ የፌንጣው ሆድ ውስጥ ያለው ነው የእሷ ምግብ የሚሆነው። መጠኑ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ካልሲየም ዱቄቱን ነስነስ አድርጌበት ነው የምሰጣት።

እንቁራሪት የማይንቀሳቀስ ነገር ምግብ አይመስላትም። የሞተ ፌንጣ ፊቷ ቢደረደር አታየውም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፣ የማታ እንስሳ ስለሆነች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት አልሞክርም። ዋናውን መብራት አጥፍቼ፣ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ትቼ፣ አንድ ብቻ አስገብቼ እወጣለሁ። ቆሜ አላያትም። ካልበላችው ከመተኛቴ በፊት አወጣዋለሁ፣ ምክንያቱም በተለይ ያ ማታ ማታ ጭርር የሚለው ጥቁር ፌንጣ እንቅልፍ ላይ ያለችን እንቁራሪት ይነክሳል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማታ በበሩ ስንጥቅ ሳይ ቀርከሃው ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ክፍት ነው። ያን ቀን ፌንጣ ሳይሆን የእሳት እራት ነበር ያስገባሁላት፣ ሲርገበገብ ትኩረት ይስባል ብዬ። ራሷን ዘንበል አደረገች። የኋላ እግሯ ጣት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ይህ ብዙ ጊዜ ከማደን በፊት የሚታይ ነው። ከዚያ ዘላ ያዘችው! ዓይኖቿን ወደ ውስጥ እየጎተተች ዋጠችው፣ እንቁራሪት ምግብን በዓይኗ ጭምር ነው ወደ ታች የምትገፋው። እናቴን ከእንቅልፍ ቀሰቀስኳት። አልተቆጣችኝም፣ እልል አለች።

ከዚያ በኋላ ቶሎ ላወፍራት አልተሯሯጥኩም። በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ ጥቂት ጥቂት። አሁን 47 ግራም ደርሳለች፣ ፌንጣም ጀምራለች፣ ካካዋም ደህና ነው።

ቀጣዩ ሥራዬ ፌንጣውን እዚሁ ማርባት ነው። በጋው እየገፋ ሣሩ እየደረቀ ነው፣ አሸን የሚወጣው ደግሞ ዝናብ ሲጀምር ነው፣ ቅባቱም ብዙ ስለሆነ ዘወትር የሚሰጥ አይደለም። በካርቶን የእንቁላል መያዣና በክዳን ሳፋ ጀምሬያለሁ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላል ጥለዋል። ሌሊት ሙቀቱን እንዴት እንደማቆይላቸው ነው ያልጨረስኩት፣ ሃይላንዱ ለሁለት ሳጥን አይበቃም። ቤቱ ፌንጣ ያረባ፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ካለ በምን እንደሚያሞቅ ይጻፍልኝ።