እሳት የሌላቸው ሽማግሌዎች

የሂንዱዎችን ቅዱስ ከተማ፣ የህንዷን ቫራናሲን፣ በእግር ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። በክረምት የጋንጅስ ወንዝ ሞልቶ ጋት የሚባሉትን የዳርቻ ደረጃዎች ስለሚውጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። እኔ ጎህ ሳይቀድ ከደቡቡ ጫፍ፣ ከአሲ ጋት፣ ተነስቼ ወደ ሰሜን ሄድኩ።

በዚያ ሰዓት ውሃው ውስጥ ከሚነከሩት ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። እዚህ የሞተ ዳግም ከመወለድ ይላቀቃል ተብሎ ስለሚታመን ቤታቸውን ለልጆቻቸው አስረክበው የመጡ አሉ። ነገሩ ግን በአንድ ሌሊት የሚደረግ ምናኔ አይደለም። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ባለትዳሩ ቆዳው ሲሸበሸብ፣ ጠጉሩ ሲሸብትና የልጅ ልጁን ሲያይ ወደ ጫካ ይውጣ ይላል። ሚስቱን ለልጆቹ አደራ ይሰጣል ወይም አብራው ትሄዳለች፤ የመሥዋዕቱን እሳት ግን ይዞ ነው የሚወጣው። ይህ ከአራቱ የዕድሜ ደረጃዎች ሦስተኛው ሲሆን ቫናፕራስታ ይባላል።

አራተኛው፣ ሳንያሳ፣ እሳቱንም ያስጥላል። ሰውየው ጾሞ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ለሙት የሚቀርበውን የሩዝ ድቡልቡል በቁሙ ለራሱ ያቀርባል። የመጨረሻውን መሥዋዕት አቃጥሎ ቁንጮውን ይቆረጣል፤ በትከሻው የሚያልፈውን ቅዱስ ክር ይጥላል። ብርቱካንማ ጨርቅና የውሃ ዕቃ ይቀበላል፤ በስሙም ላይ ጊሪ፣ ፑሪ ወይም ሳራስዋቲ የመሰለ የማኅበር ስም ይጨመራል። እኛም ዘንድ ለሚመነኩስ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለት የለ?

እሳት የለውምና አያበስልም። በቀን አንዴ ይለምናል፤ ያውም የጓዳው ጭስ ከጠፋ፣ ሙቀጫው ዝም ካለ፣ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ።

የሚበላሸው ሲቸኩሉ ነው። ማኑ 3 ዕዳ ይቆጥራል፦ ለጠቢባን በትምህርት፣ ለአባቶች በልጅ፣ ለአማልክት በመሥዋዕት የሚከፈል። ሳይከፍል የወጣ ይወድቃል ይላል። ልቡ በቆረጠበት ቀን ይውጣ የሚሉ ጽሑፎችም አሉ፤ እኔ ግን ከማኑ ጋር ነኝ። ቤቱን ለቆ እሳቱን ያልጣለ ሰው ምን ያህል እንደቆረጠ ራሱን መፈተኛ ጊዜ አለው። ቤተሰብ አምጥቶ እዚህ የጣላቸውን ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ደግሞ ከዚህ ጋር ማምታታት ትልቅ በደል ነው።

አስከሬን በሚቃጠልበት በማኒካርኒካ ጋት ላይ ማገዶ በሚዛን ይሸጣል፤ ለአንድ አስከሬን ከ200 እስከ 400 ኪሎ ይፈጃል። ሳንያሲ፣ ማለትም ሳንያሳ የገባ ሰው፣ ግን እንደ ልማዱ አይቃጠልም፤ ቀብሩን አስቀድሞ ፈጽሟል። ተቀምጦ ይቀበራል፣ ወይም ድንጋይ ታስሮበት ወንዝ ይገባል። በማቃጠያው ጋት ፎቶ አይነሳም፤ «ለድሆች ማገዶ» እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎችም ብዙ ስለሆኑ ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ይሻላል።