ሰንጋ የሚያጎርሱ ሰዎች፦ ከድሬ ወደ ሐረር

ሐምሌ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት አያስቀምጥም። ጠዋት በሚኒባስ ተነስተን የደንገጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ግን ነፋሱ ቀዘቀዘ። ዳገቱ ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ በግራ ሐረማያና ሐረር። እኛ ወደ ግራ ታጠፍን።

ከሐረማያ ትንሽ ቀደም ብዬ ወረድኩ። የጓደኛዬ ቤተሰቦች ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሰንጋ ያደልባሉ። አዲስ አበባ ላይ በበዓል ሰሞን «የሐረር ሰንጋ ነው» ሲባል ዋጋው ለምን እንደሚጨምር ከስሩ ማየት ፈልጌ ነበር።

ግቢው ውስጥ የታሰሩት ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው። መንጋ የለም፣ ግጦሽም የለም። መሬቱ ከአንድ ሄክታር ያንሳል። የጓደኛዬ አባት፣ አባባ፣ እንዳጫወቱኝ በሬው በወጣትነቱ ከገበያ ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ ከቆላ የመጣ ነው። ጥቂት ዓመት ያርሳል። ሳያረጅ ከቀንበር ይወጣና ይደልባል፣ ይሸጣል። በገንዘቡ ሌላ ወጣት በሬ ይገዛል። የተረፈው ለቆርቆሮ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለሠርግ ይሆናል። እንግዲህ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ከብቱ ሳይሆን ሙያው ነው።

ሙያው የሚጀምረው ከዘር ነው። ማሽላውን ሆን ብለው አጠጋግተው ይዘሩታል። ክረምት ሲገባ እያሳሱ ይነቅላሉ፤ የተነቀለው ለበሬው ነው። ማሽላው ከፍ ሲል የታችኛውን ቅጠል ይለቅማሉ። አረሙም አይጣልም። እህሉ ሲሰበሰብ አገዳው ተከምሮ ለበጋ ይቀመጣል። ሰውና በሬ ከአንድ ማሳ ይበላሉ።

ከዚያ ማጉረሱ ይመጣል። እማማ ለምለሙን ማሽላ እፍኝ አድርገው ያጥፉታል፣ ጨው ነካ ያደርጉታል፣ በእጃቸው አፉ ውስጥ ይከቱለታል። በሬው አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። «መሬት ላይ ብትጥልለት ይመርጣል፣ ይረግጠዋል» አሉኝ። «በእጅ ስታጎርሰው ግን ሳይጠግብ አይተውም፣ ምንም አይባክንም።» ስለማይዞርም የበላው ሁሉ ሥጋ ይሆናል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ወራትም ይዘልቃል። ልጆቹ ሣር ያጭዳሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ። ገበያ ላይ የሚታየው ወንዱ ነው። ድካሙ ግን በአብዛኛው የሴቶቹ ነው፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል።

ከሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ወደ ሐረር ቀጠልን። አወዳይን ስናልፍ የጫቱ ገበያ ደምቋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ የነበረው ማሳ ወደ ጫት ዞሯል። ገበሬው አይፈረድበትም፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል። ገራባውን፣ ማለትም ከጫቱ የሚተርፈውን ቅጠልና ጭራሮ፣ ፍየልም ከብትም ይበላዋል። የሚያሳስበኝ ማሽላው ሲያልቅ የሚነቀለው ለምለም አብሮ ማለቁ ነው። ያ ከሌለ የሐረር ሰንጋ ከየት ይመጣል?

ሐረር ገብተን ምሳ ልንበላ አንድ ሥጋ ቤት ተቀመጥን። ጥብሱ ምን ልበላችሁ፣ ቅባቱ በሥጋው መሃል ገብቶ ለስልሷል። ጓደኛዬ ግን ዓይኑ ከሚዛኑ አልተነሳም። ሥጋው ለበላተኛው በኪሎ ነው የሚቆረጠው። በሬው ከገበሬው ሲገዛ ግን ሚዛን የለም። ገዢው ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጀርባውን ይጫናል፣ የጭራውን ስር ይይዛል፤ ደላላው መሃል ይገባል፣ ዋጋ ይቆረጣል። አባባ በዓይን መገመት ያውቁበታል። ቢሆንም በዓል ሲደርስና የገንዘብ ችግር ሲኖር ገዢው ያለው ይጸናል። ወራት በእጅ ያጎረሰ ቤተሰብ በግምት መከፈሉ ልክ አይደለም። በየከብት ገበያው አንድ ሚዛን ቢቆም ብዙ ነገር ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ጓደኛዬ ሚዛኑን እስኪጠብቅ አልተቀመጠም። ከጎረቤቶቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ አይሱዙ ለመከራየትና በሬዎቹን ራሳቸው ቄራ ለማድረስ እየተነጋገሩ ነው። ለአዲስ ዓመት ካልደረሰ ለመስቀል ይሄዳሉ። ቄራ አካባቢ የማውቀውን የአንድ ነጋዴ ስልክ ሰጠሁት፤ እዚያው ምሳ ላይ ሆኖ ደወለለት።