ከሐይቅ የመጣችው ሞተር

ዛሬ ጠዋት የበርሜሉ ውሃ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል። በጣቴ ሰበርኩት። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ እንዲህ ናት። ከበርሜሉ አጠገብ በጆንያ ተሸፍና ያደረችው የጀልባ ሞተር ናት። ባለቤቷ የእህቴ ልጅ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ላይ ሰው በጀልባ ያመላልሳል። ከትናንት ወዲያ ማታ በሚኒባስ ጭኗት፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና አድርጎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ነዳጅ አይደርሳትም። ካርቡሬተሯ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ታጥቧል» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት ቀስ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ ብትሠራ ምንም አትልም። ነዳጅ ተሰጥቷት አምስት ደቂቃ እንደሮጠች ግን ኃይሏ ይወርድና ትጠፋለች። ትንሽ ስታርፍ ትነሳለች። ባለፈው ስድስት ሰው ጭኖ ውሃው መሀል ጠፍታበት በመቅዘፊያ ነው የወጡት። ይህን ሲነግረኝ እጁን ያፍተለትል ነበር። እኔም ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም።

እኔ የሞተር ሳይክልና የመስኖ ፓምፕ ሰው ነኝ። ከቆላ የሽንኩርት ገበሬዎች ፓምፓቸውን ያመጡልኛል። ቤንዚን ግን የትም ቤንዚን ነው፤ መንገዱን ተከትሎ መሄድ ነው። ከታንክ ይጀምራል፣ በቱቦ ያልፋል፣ በእጅ የምትጨመቀው የጎማ ኳስ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ፊልትሮ፣ ከዚያ የነዳጅ ፓምፕ፣ መጨረሻ ላይ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር። ሦስት ጊዜ የታጠበው የመጨረሻው ነው። መጀመሪያውን ማንም አላየውም።

በሚኒሞ ሞተሯ የምትፈልገው ጠብታ ነው። በሙሉ ኃይል ግን ትጎርሳለች። ስለዚህ በሚኒሞ ደህና ሆና ስትሮጥ የምትሞት ከሆነ አንድ ቦታ ጠቧል ማለት ነው። በርሜል ውስጥ ደግሞ በሙሉ ኃይል ማስሮጥ አይቻልም። ሞተሯን ሳናስነሳ የምንፈትንበት መንገድ መፈለግ ነበረብን።

የቱቦውን ጫፍ ከሞተሯ ነቅለን ጠርሙስ ውስጥ አስገባነውና የጎማ ኳሷን ጨመቅኳት። ቤንዚኑ ወጣ። እጄን ስለቅ ግን ኳሷ ጠፍጣፋ እንደሆነች ቀረች። አልተነፋችም! ከታንኩ በኩል መሳብ አቅቷታል ማለት ነው። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ብሎን ከፈትኩ፤ ያው ነው። አየር ካልገባ ታንኩ ራሱ ነዳጁን ይዞ ያስቀራል፣ ለዚህ ነው ከእሷ የጀመርኩት። የመሳቢያዋን ወንፊት አወጣሁ፤ ንጹሕ ነው። በታንኩና በኳሷ መሀል ያለውን ቱቦ በሌላ ስቀይረው ኳሷ ወዲያው ሞላች።

አሮጌውን ቱቦ በምላጭ ሰነጠቅነው። ውስጡ እንደ ባሕር ዛፍ ልጣጭ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። ሲሳብ ይዘጋል፣ ሲያርፍ ይከፈታል። አምስት ደቂቃ ሮጣ መጥፋቷ፣ አርፋ መነሳቷ፣ ሁሉም እዚያች ልጣጭ ውስጥ ነበር። ለቤንዚን ያልተሠራ ቱቦ ነው፤ አንድ ሰው ርካሽ ሲሆን ገዝቶ አስገብቶታል። ልጁ ቱቦውን ይዞ ብዙ ዝም አለ።

ከዚያ «በቃ ልጫናት፣ ነገ ሥራ አለኝ» አለ። እኔ ግን የዘይቱ ነገር ከነከነኝ።

ይቺ ሞተር ሁለት ምት ናት። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። የራሷ የዘይት ታንክና ትንሽ የዘይት ፓምፕ አላት፤ ራሷ ትቀላቅላለች። «በዚህ ወር ስንት ዘይት ጨመርክ?» አልኩት። «ምንም፣ ሙሉ ነው» አለኝ። ወር ሙሉ ሠርታ ታንኩ ሙሉ ከሆነ ዘይቱ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው።

ቤንዚን ሲጎድል ሞተር ትጠፋለች፣ ሰው ይሰማል። ዘይት ሲጎድል ምንም አይሰማም፤ እንዲያውም ጭሷ ይቀንስና ያማረባት ይመስላል። ከዚያ ፒስተኑ ይቧጠጣል፣ ይነክሳል፣ አለቀ። ማስጠንቀቂያ ጩኸት አላት፣ ግን እሱ የሚያየው ታንኩ ውስጥ ያለውን ከፍታ ነው። ሞተሯ ጋ መድረሱን አያውቅም።

«እንዴት እስካሁን ቆየች?» ብዬ ስጠይቀው፣ ከድሮዋ ሞተር እንደለመደው፣ ዘይት ቤንዚኑ ውስጥ ሲቀላቅል ኖሯል። በቅርቡ አንድ ባለሙያ «ሁለት ጊዜ ዘይት ታጠጣታለህ፣ ተው» ብሎታል። ሊተው ነበር። ይህን ስሰማ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

ስለዚህ ለፍተሻው ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1፣ አስቀላቀልኩት። ፓምፑ ባይሠራም ሞተሯ እንዳትጎዳ። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዛን። ዘይት ሞልተን ከዘይት ፓምፑ መግቢያ ጋር አገናኘነውና ሞተሯን በርሜሉ ውስጥ አስነሳናት። ሁለታችንም አጎንብሰን መስመሮቹን እናያለን። ዘይቱ ቀስ እያለ ወረደ። ፓምፑ ደህና ነው! ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው ማለት ነው።

የዘይት ታንኩን አውርደን ስንገለብጠው ሥሩ ያለችው ፊልትሮ እንደ ቅባት በጠጠረ ዝቃጭ ተደፍናለች። ልጁ ቀደም ሲል ያገኘውን ዘይት ሁሉ እየደባለቀ ሲጨምር ነበር። አንዳንድ ዘይት ከሌላው ጋር ሲገናኝ ይረጋል። ታንኩን አጠብን፣ ፊልትሮዋን አጸዳን፣ ለጀልባ ሞተር የተሠራ አንድ ዓይነት ዘይት ሞላን። ከዚያ ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ከፍተን አረፋው አልቆ ጥሩ ዘይት ብቻ እስኪወጣ ጠበቅን። ቱቦው ውስጥ አየር ከቀረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

በመጨረሻ በአንድ ነገር ተከራከርን። በርሜሉ ውስጥ ስትሠራ ጭሷ በዛበት። ካቻቢቴ አንስቶ የካርቡሬተሩን ብሎን ሊነካ ሲል እጁን ያዝኩት። ዘይቱ ለጊዜው ከሁለት በኩል ነው የሚመጣላት። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ሐይቅ ዝቅ ይላል። እዚህ ብሎኑን ነክቶ ቤንዚኑን ቢቀንስባት፣ እዚያ በሙሉ ኃይል ስትሮጥ ይብስ ያንሳታል፣ ፒስተን ያቃጥላል። ትንሽ አኮረፈ። ተወው።

ዘይት ታንኩ ላይ ደረጃውን በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግሁለት። ቀላቅለን የሰጠናትን እስክትጨርስና ምልክቱ ሲወርድ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ፣ ማንም ምን ቢለው መቀላቀሉን እንዳይተው ነገርኩት። ሰው ሳይጭንም ዳር ዳሩን እንዲሞክራት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልክ ደወለ። ከኋላው የውሃ ድምፅ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት በሙሉ ኃይል ሮጣ አልጠፋችም አለኝ።

«ፕላስተሩስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ጣት ወርዷል።»