በሜምፊስ ስለ ጎንደር አዝማሪ የተጠየቅነው

ለጥምቀት ጎንደር ገብቼ ሳለ ፒያሳ ላይ ቡና የጋበዙኝ አብሮ አደጎቼ ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አይተው፣ «ይሄ ባለወርቅ መኪና ያንተ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ በመሆኑ አልተቀየምኩም፤ መልሱ ግን ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ማድረጉን መረጥኩ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) መኪናው የዘፋኙ የአይዛክ ሄይስ የ1972 ካዲላክ ኤልዶራዶ ሲሆን፣ የሚገኘውም በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ በስታክስ የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ነው። ጌጡ በ24 ካራት ወርቅ ተለብጦ፣ ወለሉ ነጭ ጠጉራም ምንጣፍ ለብሶ፣ ቴሌቪዥንና የመጠጥ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት በሚሽከረከር መድረክ ላይ ቆሟል። ሄይስ ራሱ ግን በ1976 ዕዳ በዝቶበት መክሰሩን በፍርድ ቤት ያስታወቀ ሰው ነው። በውጭ አገር መኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ የተነሣ ሁሉ ባለመኪና እንዳልሆነ፣ ባለመኪናውም ቢሆን ከዕዳ ነፃ ላይሆን እንደሚችል ወንድሞቼ ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ከምኖርበት ከናሽቪል ሜምፊስ በመኪና የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ሁለት ሐበሾችና ሁለት አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦች ሆነን ቤንዚኑን አዋጥተን ሄድን። አንዲት ቅዳሜ ፈረቃ ለመለወጥ ስንት ልመና እንደሚጠይቅ፣ ያልተሠራበት ሰዓትም እንደማይከፈል፣ በሰዓት የሚከፈለው ስደተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ሙዚየሙ ውስጥ እኔን ያስደነቀኝ ወርቁ አልነበረም። ገና ከመግባታችን አንድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘን። በ1906 ገደማ በሚሲሲፒ ገጠር፣ ዳንከን በምትባል ስፍራ የተሠራ የእንጨት ጸሎት ቤት ሲሆን፣ ተነቃቅሎ መጥቶ እዚያው እንደገና ተገጣጥሟል፤ ዓላማውም የሶል ሙዚቃ ከጥቁሮች የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መወለዱን ማሳየት ነው። እኛ ያደግነው የአቋቋም (የማኅሌት ዝማሜ) ምስክር የሆነችው የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ባለችበት በጎንደር ከተማ ነው፤ መቋሚያው ሲወዛወዝ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከበሮው ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ጥድፊያ ሲሸጋገር ቆመን ያየን ልጆች ነን። ይሁን እንጂ ማኅሌቱንና የአዝማሪውን መሰንቆ በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሰው በአገራችን አልሰማሁም። እዚያ መዝሙሩንና ዘፈኑን በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት ለእኔ ከባድም ደስ የሚልም ነገር ነበር።

ከአሜሪካውያኑ አንዷ በዕድሜ የገፉ የሜምፊስ ተወላጅ ናቸው። እዚያው ጸሎት ቤቱ አጠገብ እንደቆምን፣ «የእናንተ ከተማ ዘፋኞች ሙዚየምስ የት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። አፌን ከመክፈቴ በፊት አብሮኝ የመጣው ያገሬ ልጅ እየሳቀ፣ «እኛ ዘንድ አዝማሪ ሙዚየም አይገባም፤ ልጅም አይዳርለትም» አላቸው። ሴትዮዋ አልሳቁም። እኔም ፊቴ ጋለ፤ የተናገረው እውነት በመሆኑ የማስተባብልበት ቃል አልነበረኝም። ልጅ ሲያንጎራጉር «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ የሚቆጣበት ቤት ነው ያደግነው። ሠርጋችን ያለ አዝማሪ አይደምቅም፤ «ተቀበል!» እያልን ግጥም እንነግረዋለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፤ ሲነጋ ግን ስሙን የሚያስታውስ አይገኝም። ይህ ውለታ ቢስነት ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ሴትዮዋ ግን አልፈረዱብንም። የእሳቸውም አያት ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን «የሰይጣን ዘፈን» እያሉ በቤታቸው እንዳይሰማ ይከለክሉ እንደነበር አጫወቱን። ሙዚየሙ ስሙን የወሰደበት የስታክስ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ታሪክም ቢሆን ክብር ብቻ አይደለም። ድርጅቱን በ1957 የመሠረተው ጂም ስቱዋርት የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ እኅቱ ኤስቴል አክስተን መቅረጫ መሣሪያ ለመግዛት ቤቷን በዋስትና አስይዛ ተበድራለች። በ1960 አንድ የቆየ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ስቱዲዮ አደረጉት፤ ጥቁርና ነጭ በሕግና በልማድ ተለያይተው በሚኖሩባት ከተማ፣ ቡከር ቲ. ጆንስና ስቲቭ ክሮፐርን የመሳሰሉ ጥቁርና ነጭ ሙዚቀኞች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ድርጅቱ በ1975 ከሰረ፤ ሕንፃው በ1989 ፈረሰ። ዛሬ የምናየው በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሠርቶ በ2003 የተከፈተ ነው። የሲኒማ ቤቱ ወለል ተዳፋት ስለነበር አዲሱንም ስቱዲዮ ተዳፋት አድርገው ሠርተውታል፤ ስቆምበት እግሬ ቁልቁለቱን ለየው። አፍርሶ መጸጸት ለእነሱም አልቀረላቸውም፤ ከጸጸታቸው በኋላ ግን የወለሉን ዘንበል ማለት እንኳ ሳይቀር መመለሳቸውን አከበርኩላቸው።

የእኛ ደግሞ አልፈረሰም። ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ሣልሳዊው ዐፄ ዳዊት ዜማና ጨዋታ ወዳድ ስለነበሩ በፋሲል ግቢ ውስጥ የዜማ አዳራሽ አሠርተዋል፤ ግድግዳው ዛሬም ቆሟል። የፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ከ1979 ወዲህ ስንት የውጭ ሰው አይቶት ይሆን? ከተማችን አጠገብም አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስበት ቡርቧክስ አለ። አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት በተወጠረባት መሰንቆ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚያወጣ ሰው በታክሲ መንገድ ርቀት ላይ እያለን፣ ሜምፊስ ላይ «የለንም» መባሉ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

እንግዲህ ለመውጣት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ቪዛውና ስለ ትኬቱ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሞልቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ውጭ አገር ስትኖሩ ስለ ቤታችሁ ትጠየቃላችሁ፤ ያኔ እየሳቀ የራሱን የሚያዋርድ ጓደኛ ይኖራችኋል፤ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ቡርቧክስ ውረዱ፤ አንድ አዝማሪ ስሙን ከነአባቱ፣ መንደሩን፣ መሰንቆ ማን እንዳስተማረው እንዲነግራችሁ ጠይቁና ዘፈኑን በስልካችሁ ቅረጹ። ግንባሩ ላይ የምትለጥፉለት ሽልማት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ላስቀመጣችሁት ሰዓት ደግሞ ተነጋግራችሁ ዋጋውን ክፈሉት።