አድርቂው ብዬ ነበር

ከአናፖሊስ ወጣ ብላ በምትገኘው ክራውንስቪል በተባለች የሜሪላንድ መንደር በየዓመቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝን ገበያ የሚያስመስል የበዓል ገበያ ይቆማል። የገበያው ንጉሥ፣ በተዋናይ አማካይነት፣ ሄንሪ 8ኛ ናቸው፤ ጎብኚው ግን የእሳቸውን ዘመን ልብስ ብቻ አይለብስም፣ የጫካ መንፈስ፣ የባሕር ወንበዴ ወይም የዘንዶ አዳኝ ሆኖ የሚመጣውም ብዙ ነው። እኔም የቆዳ ኮርሴት፣ ማለትም ከኋላ በማሰሪያ እየተሳበ ወገብን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ፣ በሚሸጥበት አንድ ድንኳን ውስጥ ለሦስት ወቅት ማሰሪያ ስስብና ስፈታ ቆይቻለሁ።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ ለዘጠኝ ዓመት ደረጃ መዳቢ ነበርኩ። ፀጉሩ የተገፈፈ የበግ ሌጦ ወደ ብርሃን አዘንብዬ እከክ የመታውን ካልመታው በአንድ እይታ መለየት ሥራዬ ስለነበር፣ የድንኳኑ ባለቤት ስለ ቆዳ ሊያስረዱኝ ሲሞክሩ በውስጤ እስቅ ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ወይም ለመኩራራት ከሆነም ዋጋውን ከፍዬበታለሁ።

በመስከረም ውስጥ በአንድ የሚያቃጥል ቅዳሜ አንዲት ወጣት ገባችና ቅጠል የተቀረጸበት አረንጓዴ ኮርሴት ላይ ዓይኗ አረፈ። ቆዳው 8 አውንስ፣ ማለትም 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በዛፍ ልጥ የተለፋ የላም ቆዳ ነው። ወገቧ 30 ኢንች ሲሆን የፈለገችው ግን 24 ነበር። እንዲህ ያለ ወፍራም ቆዳ እንደ ጨርቅ ኮርሴት ተስቦ ስለማይገባ ከወገቧ ከሁለት እስከ አራት ኢንች ብቻ የሚያንሰውን እንድትወስድ፣ ከኋላ ያለው ክፍተትም ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ አራት ጣት ያህል እንዲቀር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳትከፍል በፊት ለብሳው እንድትቀመጥ ነገርኳት። ቆማ የሚያምርባት ኮርሴት ስትቀመጥ የታችኛው ጠርዙ ጭኗን፣ የላይኛው ደረቷን የሚወጋ ከሆነ ቁመቱ የእሷ አይደለም። ጉቶው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ 27ቱን ወሰደች። ስትወጣም «ዝናብ ቢመታውስ?» አለችኝ። «አድርቂው» አልኳት።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ በዕቃ መያዣ ከረጢት ይዛው መጣች። ከረጢቱን ስትገለብጠው ጠረጴዛው ላይ የወደቀው ነገር እንደ ጣውላ ኳ አለ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ አረንጓዴው እንደ ምጣድ ጠቁሯል፤ ቆዳው ሲኮማተር በውስጡ ያሉት የብረት ዘንጎች አብረው ስላልተኮማተሩ የሁለቱ ጫፍ ሽፋኑን ቀዶ ወጥቷል።

«ከረጠበ አድርቂው ብለሽኝ ነበር» አለች።

«በምን አደረቅሽው?»

«በኦቨን።» ከዚያም ጥንቃቄዋ እንዲታወቅላት በሚመስል ድምፅ «በዝቅተኛው ሙቀት ነው እኮ፣ 170 ላይ» ብላ ጨመረች።

ቆዳ ኦቨን ውስጥ የሚከት ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ይህንኑ በትሕትና ለመናገር ቃላት ስመርጥ ባለቤቱ ከኋላዬ መጥተው «ምን ብለሽ ነበር የነገርሻት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በምን እንደምታደርቀውስ?» አሉ። ዝም አልኩ። ጥያቄው ተገቢ እንደነበር ለመቀበል ብዙ ቀን ወስዶብኛል፤ በደንበኛ ፊት መጠየቃቸውን ግን አሁንም አልተቀበልኩትም። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ «ጥላ ላይ ዘርግተሽ አናፍሺው» እላት ነበር፤ ማናፈስ ደግሞ ከእሳት ጋር አይገናኝም። በእንግሊዝኛ የነበረኝ ቃል ያው አንዱ ብቻ ነበር።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካችን ሌጦ የሚያለፋው በዛፍ ልጥ ሳይሆን ክሮም በሚባል ኬሚካል ነበር፤ በክሮም በደንብ መለፋቱንም የምናረጋግጠው ቁራጩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረን ነው፤ ካልተኮማተረ አለፈ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆዳ ሲፈላና ምንም ሳይሆን ሲወጣ እያየሁ ኖሬ፣ በዛፍ ልጥ የተለፋው እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሲደርስ እንደሚኮማተር ባውቅም፣ ለሰው ልናገረው የሚገባ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። 170 ፋራናይት ደግሞ 77 ሴልሺየስ ነው። ልጅቷ አስባ ብትሠራው እንኳ ከዚህ የተሻለ ቁጥር አትመርጥም ነበር።

በዚህ መሐል ከመንገዱ ማዶ የጦር ጥሩር የሚሸጠው ጎረቤታችን ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ኮርሴቱን አንሥቶ በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «እኔ ይህን ጥንካሬ የማገኘው ቆዳውን ሆን ብዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው፤ የጥንት ወታደሮችም የቆዳ ጥሩር የሚሠሩት እንዲህ ነበር ይባላል» አለ። ልጅቷ ሳቀች። ባለቤቱ አልሳቁም። የዋጋው ግማሽ ተመለሰላት፤ ከዚያ ላይ የተወሰነው ከእኔ የቀን ሒሳብ ተቀነሰ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቱ ለደንበኛ የሚሰጥ ካርድ አሳትመው መጡ። ከሥር የጥጥ ሸሚዝ ልበሱ፣ ላቡን በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ የፊቱን መቆለፊያ ከመክፈታችሁ በፊት የኋላውን ማሰሪያ አላሉ፣ ሻጋታ ስለሚይዘው በላስቲክ ከረጢት አትዝጉበት፣ ቅባቱን አሳስታችሁ ቀቡ ይላል። ሁሉም ልክ ነው። ቅባት የበዛበት ቆዳ ልል ሆኖ ቅርጹን እንደሚያጣም ጨምረውበታል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የመጨረሻው መስመር ግን «ከከፍተኛ ሙቀት አርቁ» ይላል። ልጅቷ የተጠቀመችው ዝቅተኛውን ስለሆነ «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ይውጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። ታትሟል አሉኝ።

በጥቅምት መጀመሪያ ብርድ በጠናበት ጠዋት ባለቤቱ ራሳቸው በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ አምጥተው ድንኳኑ ውስጥ አቆሙ። በሌሊቱ ጤዛ የራሱ ሁለት ኮርሴቶች ከማሞቂያው አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ተሰቅለው ነበር። አየኋቸው። ማንሣት እችል ነበር፤ ቀን ሙሉ ሳስብ የዋልኩትም ለምን እንዳላነሣኋቸው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሁለቱም ጠርዝ መጠቅለል ጀመረ፤ ባለቤቱ ማሞቂያውን «ዝቅተኛው ላይ ነው ያደረግኩት» አሉ፤ እኔም ካርዶቹን እያስተካከልኩ ዝም አልኩ።

የልጅቷን ኮርሴት ማንም ስላልፈለገው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደተባለችው የሜሪላንድ ከተማ፣ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። መቀስ አልበጥሰው ስላለ በመጋዝ ክብ አድርጌ ቆርጬ የጀበና ማስቀመጫ አደረግኩት። ጀበናው ከእሳት ወርዶ እላዩ ላይ ሲቀመጥ ቅንጣት አይኮማተርም፤ ቅጠሉም በጎን በኩል አሁንም ይታያል።